ለማናምነው መሪ መጸለይ

አብዛኛውን ጊዜ የምጽፍላችሁ ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ ምርጫና ስለ ፓርቲዎች ነው። ዛሬ ግን ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረቱ ጥግ፣ በየመሥሪያ ቤቱ የሻይ ሰዓትና በየለቅሶ ድንኳኑ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ስለሚነሣ አንድ ጥያቄ ልጽፍ ተነሣሁ። አንድ ክርስቲያን፣ ያውም የአባቶቹን ሥርዓት ሳይሸራርፍ ለመጠበቅ የሚተጋ ወግ አጥባቂ ክርስቲያን፣ ቃሉን ሊያምነው ካልቻለ መሪ ጋር እንዴት ሊኖር ይገባዋል?

እኔ ራሴን ከወግ አጥባቂዎቹ ወገን እቆጥራለሁ። ዶክትሬት መያዜም ሆነ በዩኒቨርሲቲ ማስተማሬ ከዚህ አላናወጠኝም፤ ጾሙም፣ ኪዳኑም፣ የንስሓ አባቴ ምክርም የዕለት እንጀራዬ ናቸው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምሰነዝረው ትችት ከውጭ እንደ ተወረወረ ድንጋይ እንዳይቆጠርብኝ አደራ እላለሁ።

ለጥያቄው በእኛ ዘንድ ሁለት መልሶች ተለምደዋል። አንደኛው፣ ሥልጣን ሁሉ ከላይ የተሰጠ ነውና አንተ ጸልይ እንጂ አትናገር የሚለው ነው። ሁለተኛው በአደባባይ አይነገርም። በጓዳ ርግማን፣ በስልክ ሹክሹክታ፣ ባለቤቱ ባልታወቀ «ራእይ» እና የመሪውን መውደቂያ ቀን በመቁጠር ይገለጻል። ሁለቱን በአንድ ቀን የሚያደርግም ሞልቷል፤ ጠዋት በስብሰባ አዳራሽ ያጨበጭባል፣ ማታ በቤቱ ይራገማል። በእኔ እምነት ከሁለቱ አንዱም የአባቶቻችን መልስ አይደለም። እነርሱ ለገዢው እየጸለዩ፣ በደሉን ፊት ለፊት፣ በራሳቸው ስም፣ ዋጋውን ከፍለው ይገሥጹት ነበር። ይህን መልስ ጨርሰን አላጣነውም፤ አጥብበነዋል ግን። እንዴት እንዳጠበብነው በ2015 ዓ.ም. በዓይናችን አይተናል። እዚያ ከመድረሴ በፊት ጥቂት ልዘግይ።

በአማርኛችን «እምነት» የሚለው አንድ ቃል ሁለት ሸክም ይሸከማል። በፈጣሪ ማመንም እምነት ነው፤ በሰው ቃል መታመንም እምነት ነው። መሪን መጠራጠር ከክህደት ወገን የሚቆጠርብን ለዚህ ይመስለኛል። ልብ ይሏል፣ መጻሕፍት መሪዎችን እንድናከብር፣ ግብር እንድንከፍልና እንድንጸልይላቸው ያዝዛሉ፤ እመኗቸው የሚል ትእዛዝ ግን አላገኘሁም። እንዲያውም መዝሙረኛው ተስፋችንን በአለቆች ላይ እንዳንጥል ያስጠነቅቃል። መታመን በሥራ የሚገኝ ነገር ነው። ይህን ስንስት ደግሞ የሃይማኖታችን ተከታይ ወይም የብሔራችን ተወላጅ የሆነውን ሳንጠይቅ እናምናለን፤ ያልሆነውን ሳንመረምር እንጠራጠራለን። በ2010 ዓ.ም. ከወንጌላውያን ወንድሞቻችን ብዙዎቹ የመሪ ለውጡን እንደ ጸሎት መልስ ሲቀበሉት ያፌዙ ኦርቶዶክሳውያን አልጠፉም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ማን ምን ይል እንደነበረ ያስታወሰ ግን አላጋጠመኝም።

ወደ ሮሜ መልእክት 13ኛ ምዕራፍ እንምጣ፤ የዝምታ ሁሉ መሸሸጊያ እርሱ ነውና። ቅዱስ ጳውሎስ ይህን ሲጽፍ በሮም ዙፋን ላይ የነበረው ኔሮን ነው። ለኔሮን መታዘዝ ከተገባ ለማንም ይገባል ይሉናል ሰባክያኑ። መልካም። ነገር ግን ያው ጳውሎስ በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ተገርፎ ከታሰረ በኋላ ሹማምንቱ በነጋታው በስውር ሊለቁት ሲልኩ አልወጣም አለ። ሮማዊ ዜግነቱን ጠቅሶ፣ በሕዝብ ፊት የገረፉት ሰዎች ራሳቸው መጥተው እንዲያወጡት ጠየቀ። መጡም፣ ለመኑትም። በኋላም በፊስጦስ ችሎት ይግባኙን ወደ ቄሣር አቀረበ። ሰውየው ሥልጣንን ያከብራል፤ ስለሚያከብረውም ሥልጣን የራሱን ሕግ እንዲጠብቅ ይይዘዋል። ያገራችን ባላገር ጉልበተኛ ሲመጣበት «በሕግ አምላክ!» ብሎ የሚያቆመው በዚሁ መንገድ ነበር። ባላገሩ የሮሜን መልእክት ከብዙ ሰባክያን ይልቅ አስተካክሎ ያነበበ ይመስለኛል።

የዳዊትና የሳኦል ታሪክም እንዲሁ ተቆርጦ ነው የሚነገረን። ዳዊት በዋሻው ውስጥ የተቀባውን ንጉሥ አልገደለም፤ የልብሱን ዘርፍ ብቻ ቆረጠ። እውነት ነው። ነገር ግን ከዋሻው ወጥቶ፣ ከኋላው ተጣርቶ፣ የተቆረጠውን ጨርቅ አሳየውና በደሉን ነገረው። ሳኦል አለቀሰ፤ ዳዊት ከእርሱ ይልቅ ጻድቅ መሆኑንም በአንደበቱ መሰከረ። የምዕራፉን ማብቂያ ግን በስብከት ላይ ብዙም አንሰማውም፤ ሳኦል ወደ ቤቱ ሲመለስ ዳዊትና ሰዎቹ ወደ አምባቸው ወጡ። ዳዊት አልተበቀለውም፤ በዕንባው ተደልሎም ወደ ቤተ መንግሥቱ አልተመለሰም።

እንግዲህ ወደ አገራችን ልመለስ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን ብሂል የአገራችን ክርስትና ድምር አድርገው የሚያቀርቡ ምሁራን አሉ። በ1948 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱን አካል በትውልዳቸውና በተቀቡት ቅብዐት ምክንያት የተቀደሰ፣ ክብራቸውንም የማይደፈር አድርጎ በአንቀጽ 4 መደንገጉ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይሆናቸዋል። ይሁን እንጂ ገድላቱን የገለጠ ሰው ሌላ ነገር ያገኛል። በ14ኛው ምዕተ ዓመት አባ አኖሬዎስ ዓፄ ዓምደ ጽዮንን ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ስለማይፈቅደው ጋብቻው በመገሠጻቸው ተገርፈዋል። የደብረ ሊባኖሱ አባ ፊልጶስም ከእርሱና ከልጁ ከዓፄ ሰይፈ አርዕድ ጋር በዚሁ ጉዳይ ተጋጭተው በስደት ተንከራተዋል። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት ስለ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት በጻፉት መጽሐፍ ይህን በሰፊው አሳይተውናል። እነዚህ መነኮሳት ዘመናዊ የመብት ተሟጋቾች አልነበሩም። በቃሉ ትርጉም ሁሉ ወግ አጥባቂዎች ነበሩ፤ ንጉሡን የተቃወሙትም ወግ አጥባቂ ስለሆኑ ነው። ከንጉሡ የሚበልጥ ሕግ አለ ብለው ያምኑ ነበርና።

ከሁሉ ይልቅ የምትመስጠኝ ግን በ17ኛው ምዕተ ዓመት የኖረችው ወለተ ጴጥሮስ ናት። ዓፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ሲቀበል እርሷ የትልቅ ሹም ሚስት ነበረች። አቡነ ስምዖን በ1617 (እ.ኤ.አ.) ከንጉሡ ሠራዊት ጋር በተደረገው ውጊያ ከተገደሉና ባለቤቷም በንጉሡ ወገን ከተሰለፈ በኋላ ትዳሯን ትታ መነኮሰች። ከዚያም በየገዳሙና በየመንደሩ እየዞረች ታስተምር ጀመር። ከተከሰሰችባቸው ነገሮች አንዱ፣ ሃይማኖቱን የለወጠው ንጉሥ ስም በቅዳሴ እንዳይጠራ ማስተማሯ ነው። ነገሩን ቀለል አድርገን እንዳናየው። በዚያ ዘመን የንጉሥ ስም በቅዳሴ መጠራቱ ዛሬ የምርጫ ድምፅና የቴሌቪዥን ዜና ተደምረው የሚሰጡትን ቅቡልነት ለንጉሡ ይሰጠው ነበር። አንዲት መነኩሲት ያን ከለከለችው። ሾተል አልመዘዘችም፣ ጦር አላስከተተችም። በችሎት ፊት ቀረበች፤ ፓትርያርክ ሆኖ የመጣው አፎንሶ ሜንዴዝ ሊያሳምናት ሞክሮ አልሆነለትም፤ ወደ ዠበይ ቆላ ለ3 ዓመት ተጋዘች። በ1632 (እ.ኤ.አ.) ሱስንዮስ የቀደመውን ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ሲለቅ እርሷ በጣና ዙሪያ የብዙ መነኮሳትና መነኮሳዪያት እናት ሆና ነበር።

ይህን ታሪክ በክፍል ውስጥ ሳነሣው ተማሪዎቼ በኩራት ይሰሙታል። ቀጥሎ ያለውን ስነግራቸው ግን ፊታቸው ይለወጣል። ሃይማኖቱ ከተመለሰ በኋላ ኢየሱሳውያኑ ተባረሩ፤ ከካቶሊካውያኑም የተገደሉ አሉ። በ1870 ዓ.ም. ደግሞ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሲደረግ ዓፄ ዮሐንስ የወሎን ሙስሊሞች በግድ እንዲጠመቁ አዘዙ። በሱስንዮስ ዘመን የሕሊናን ነፃነት በሰማዕትነት የጠየቀችው ቤተ ክርስቲያን በዮሐንስ ዘመን ለወሎ ሙስሊም ያንኑ ስትጠይቅለት በታሪክ አናያትም። የድክመታችን ሥር ከዚህ ይጀምራል ባይ ነኝ።

በሃያኛው ምዕተ ዓመት ያሉትን ምሳሌዎች ታውቋቸዋላችሁና አላረዝምባችሁም። በ1921 ዓ.ም. በግብፅ ጵጵስና ከተሾሙት 4 ኢትዮጵያውያን መካከል አቡነ ጴጥሮስና አቡነ አብርሃም ነበሩበት። በአንድ ሥርዓት ያደጉ፣ አንድ መጽሐፍ ያነበቡ አባቶች ናቸው። አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን አላወግዝም ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተደበደቡ። አቡነ አብርሃም ከኢጣልያ ጋር መስማማትን መረጡ፤ ወራሪውም የቤተ ክርስቲያኒቱ መሪ አደረጋቸው። እዚህ ላይ አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። አቡነ ጴጥሮስ የሞቱት ስለ ቀኖና አልነበረም፤ ወራሪው ጉልላቱን ላፍርስ አላላቸውም። ባርክና ጵጵስናህን ያዝ ነበር ያላቸው። የሞቱት ስለ ሕዝቡ ነው።

በደርግ ዘመን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ያለ መንግሥት ፈቃድ ጳጳሳት ሾሙ ተብለው በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ክረምት ተገደሉ። በዚያው ክረምት፣ ሐምሌ 21 ቀን፣ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ። ከአገር የሚወጡበት ዕድል ቀርቦላቸው ምእመናኔን ጥዬ አልሄድም ብለው ነበር። የሁለቱም ዐፅም የተገኘው ከመንግሥት ለውጥ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው። ኦርቶዶክሱ ፓትርያርክና የሉተራኑ ቄስ በአንድ ክረምት በአንድ መንግሥት ተገድለው በአንድ ዓመት ከጉድጓድ ሲወጡ፣ ይህን በአንድነት የሚዘክር አንድ ቀን እንኳ በመካከላችን አለመኖሩ ይገርመኛል። ቄስ ጉዲና ከመሞታቸው 7 ዓመት ቀደም ብሎ ቤተ ክርስቲያናቸው ለምዕራባውያን ረጂዎች የላከችውን ደብዳቤ ሲያዘጋጁ፣ የሰውን ነፍስ ከሥጋው ለይታችሁ አትርዱ፣ ሰው ሙሉ ነው ብለው ተከራክረዋል። ስለ ሙሉው ሰው መናገር የሚለው ሐሳብ ዛሬም የሚያስፈልገን ነው።

አሁን ወደ 2015 ዓ.ም.። ጥር 14 ቀን በወሊሶ አካባቢ በሀሮ በዓለ ወልድ ቤተ ክርስቲያን 3 ሊቃነ ጳጳሳት ከቅዱስ ሲኖዶስ ውጭ ከ20 የሚበልጡ ኤጲስ ቆጶሳትን ሾሙ። ያነሡት ጥያቄ፣ ሕዝቡ በአፋን ኦሮሞ ይገልገል የሚለው፣ እውነት አልነበረውም የሚል ሰው ከእኔ ጋር አይስማማም፤ የሄዱበት መንገድ ግን ቀኖናን የጣሰ ነበር። ሲኖዶሱ ጥር 18 ቀን አወገዛቸው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በሁለቱም ወገን እውነት አለ የሚል ንግግር ሲያደርጉ ሲኖዶሱ መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ ገብቷል ብሎ መልስ ሰጠ። በሻሸመኔ ምእመናን ተገደሉ። ከዚያ ጾመ ነነዌ ደረሰ፤ ከጥር 29 እስከ የካቲት 1። ሲኖዶሱ ምእመናን ጥቁር ለብሰው በምሕላ እንዲያሳልፉት አወጀ።

እነዚያን 3 ቀናት የማይረሳቸው ሰው ብዙ ነው። በማስተምርበት አዳራሽ ከግማሽ የሚበልጠው ተማሪ ጥቁር ለብሶ ነበር። ባንክ ቤት፣ ታክሲ ውስጥ፣ ገበያ፣ ሆስፒታል፣ ሁሉም ቦታ ጥቁር ነበር። ጥቁር በመልበሳቸው ከሥራ ገበታቸው የተከለከሉም ነበሩ። አንድም ጠመንጃ አልተነሣም። የነነዌን ንጉሥ ማቅ ያስለበሰው የዮናስ ስብከት ነው፤ የአዲስ አበባ ሕዝብ ደግሞ ማቁን ራሱ ለብሶ ለንጉሡ አሳየው። ለየካቲት 5 ሰልፍ ተጠርቶ፣ ማኅበራዊ መገናኛዎች ተገድበው፣ በመጨረሻው ሰዓት ንግግር ተደረገና ሰልፉ ተራዘመ፤ የካቲት 8 ከሊቃነ ጳጳሳቱ ጋር ስምምነት ተፈረመ። የስምምነቱ አፈጻጸም ሌላ ጣጣ ነው፤ ለዛሬ ይቆየን። ወለተ ጴጥሮስ የተከለችው ዛፍ ግን አለመድረቁን አይተናል። ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ የሚያከብረውን ሥልጣን አላምንህም ብሎ፣ ሳይሳደብና ሳይገድል መናገር ይችላል።

ይቺን እውነት ይዤ ነው ቀጣዩን የምጠይቀው። የነነዌ ጾም በገባ ጊዜ በሰሜን ለ2 ዓመት የዘለቀው ጦርነት በፕሪቶሪያው ስምምነት ከቆመ ገና 3 ወር አልፎት ነበር። በዚያ ጦርነት ካህናት ተገድለዋል፣ ገዳማት ተደፍረዋል፤ ከትግራይ እስከ ወሎና ጎንደር የሞተው ሕዝብ አብዛኛው ያው የእኛው ምእመን ነው። ጥቁር ያወጅነው መቼ ነበር? በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ይፋ በሆነ ቪዲዮ ቅዱስ ፓትርያርኩ ስለ ትግራይ ሕዝብ ልናገር ስል እከለከላለሁ ብለው ሲናገሩ፣ ከሲኖዶሱ የተሰማው መልስ ይህ የግላቸው አስተያየት ነው የሚል ነበር። በወለጋ ገበሬዎች በጅምላ ሲገደሉ ምሕላ ነበረ፤ አውቃለሁ፣ ቆሜበታለሁ። አገልግሎቱን ሁሉ ያጠቆረ ሐዘን ግን አልታወጀም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በፓትርያርኩ የተመራ ልዑክ ይቅርታ ይዞ መቀሌ ሲደርስ የትግራይ አባቶች ሊቀበሉት አልወጡም። ይህን ትዕቢት ነው ያሉ አሉ። እኔ ግን የዘገየ ለቅሶ ደራሽ ነው የታየኝ። ባገራችን ለቅሶ ሳይደርሱ ቀርተው ሰልስቱም አርባውም ካለፈ በኋላ የሚመጣ ዘመድ ምን ዓይነት ፊት እንደሚጠብቀው ሁላችንም እናውቃለን።

በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በሸገር ከተማ መስጊዶች ሲፈርሱና በታላቁ አንዋር መስጊድ ዙሪያ ተቃውሞ የወጡ ሙስሊሞች ሲገደሉስ? ከ4 ወር በፊት የአምልኮ ቦታችን ተደፈረ ብለን ጥቁር የለበስን ሰዎች ነበርን። ያን ጥቁር ልብስ አንዳችን ከቁም ሣጥናችን አውጥተን ለጎረቤታችን ሐዘን ብንለብሰው ኖሮ፣ መንግሥትም ሙስሊሙም የእኛን ተቃውሞ ከዚያ በኋላ በሌላ ዓይን ባዩት ነበር። ተቃውሟችን የራሳችን ጓዳ ሲነካ ብቻ ከሆነ መንግሥት በቀላሉ ይተረጉመዋል፤ ይህ ድርሻ የሚጠይቅ አንድ ቡድን ነው፣ ድርሻውን ሰጥቼ አስተኛዋለሁ ይላል። ሲሉም ሰምቻለሁ። የማይታመን መሪ ከሁሉ ይልቅ የሚወደው፣ ስለ ራሱ ብቻ የሚያለቅስ ተቃዋሚ ነው።

ይህን ስናገር ሁለት ወገኖች ይቆጡኛል። አንደኛው ሕገ መንግሥቱን ይጠቅስብኛል፤ አንቀጽ 11 መንግሥት በሃይማኖት፣ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል ብሎ። ይላል፤ ትክክል ነው። ነገር ግን ጣልቃ መግባት ማለት ሹመት መስጠት፣ በጀት ማዘዝ፣ ሕግ ማውጣት ነው። አንድ ካህን በቆመበት ዐውደ ምሕረት ሰው አትግደሉ ማለቱ ጣልቃ ገብነት ከሆነ ዐሥርቱ ትእዛዛትም በአዋጅ ይታገዱ። ደግሞም ይህ አንቀጽ የሚጠቀሰው ካህኑ ሲገሥጽ እንጂ በመንግሥት በዓል ላይ ቆሞ ሲባርክ አይደለም።

ሁለተኛው ወገን ይህ ሁሉ ለስላሳ ነው ይለኛል። መሪው ካልታመነ ስሙን ከጸሎት አውጡ፣ ከነደጋፊዎቹ አውግዙ፣ ጨርሳችሁ ተለዩ። ለዚህ ወገን ከውጭው ዓለም አንድ ምሳሌ አለኝ። ከ1984 ዓ.ም. በኋላ አንዱ ፓትርያርክ በአገር ቤት፣ አንዱ በስደት ሲሆኑ በዋሽንግተን፣ በአውሮፓና በየአህጉሩ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ለሦስት ተከፈሉ። የአዲስ አበባውን ስም የሚጠሩ፣ የስደቱን ስም የሚጠሩ፣ የማንንም የማይጠሩ «ገለልተኞች»። መነሻው ከባድ ጥያቄ ነበር፤ መንግሥት ፓትርያርክ ያነሣል ወይ የሚል። እየቆየ ግን ጥያቄው ተረስቶ ልዩነቱ ቀረ። እኅትማማቾች በአንድ ከተማ በተለያየ ደብር ልጆቻቸውን አስጠመቁ፤ ሰርግና ለቅሶ ሳይቀር ተለየ። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በዋሽንግተን ዕርቅ እስኪወርድ 26 ዓመት ፈጀ። ወለተ ጴጥሮስ የንጉሡን ስም ከጸሎት ስታስወጣ በንጉሡ ችሎት ፊት ቆማ ነው። ከውቅያኖስ ማዶ ሆኖ ስም መፋቅ ያን ያህል ዋጋ አያስከፍልም፤ ዋጋው ሲቀንስ ደግሞ ግሣጼው ልማድ ይሆንና ንጉሡን ትቶ ጎረቤትን መቅጫ ይሆናል።

ለዚህ ነው ጸሎቱን አልተው የምለው። በቅዳሴያችን ለአገር መሪዎች የሚደርሰውን ጸሎት ከልቤ አሜን እላለሁ። ለማላምነው ሰው ስጸልይ የምለምነው ልቡናው እንዲመለስና አገሩ በእርሱ ጥፋት እንዳትጠፋ ነው። የጸለይሁለትን ሰው ስም እያነሣሁ ያልተረጋገጠ ወሬ ማሠራጨት ደግሞ ይከብደኛል፤ ይህ ራሱ የጸሎቱ አንድ ጥቅም ነው። ግሣጼ እውነትን ይጠይቃል። በሐሰት ቁጥርና በተቀነባበረ ፎቶግራፍ የሚገሥጽ ሰው ለማይታመነው መሪ የሚያመልጥበትን በር ይከፍትለታል።

ስለ ጳጳሳት ብቻ ማውራት ለእኛ ለደመወዝተኞቹ ይቀልለናል። እኛስ? ከመጽሐፍ ቅዱስ ሰዎች የመንግሥት ሠራተኛ አብነት ፈልግ ብትሉኝ አብድዩን እመርጣለሁ። የንጉሥ አክዓብ ቤት አዛዥ ነበር። ኤልዛቤል የእግዚአብሔርን ነቢያት ስታስገድል እርሱ 100 ነቢያትን 50፣ 50 አድርጎ በዋሻ ደብቆ እንጀራና ውኃ መገባቸው። ከየት አምጥቶ እንደመገባቸው አልተጻፈም፤ በድርቅ ዘመን ሆኖ የንጉሡ ግምጃ ቤት ቁልፍ በእጁ እንደነበረ ግን አንዘንጋ። ጀግና አልነበረም። ኤልያስ መጥቻለሁ ብለህ ለአክዓብ ንገር ሲለው ያስገድለኛል ብሎ ተርበደበደ፤ ተርበድብዶም ሄዶ ነገረው። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ረሃብ ሲገባና ነገሩ ሲሸፋፈን ሄደው አይተው፣ ፎቶግራፍ አንሥተው በግቢያቸው ያሳዩት የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ነበሩ። እነርሱም የመንግሥት ደመወዝ የሚበሉ፣ የመንግሥት መኝታ ቤት የሚያድሩ ሰዎች ናቸው። በሙያችን የምናውቀውን እውነት፣ ፊርማችን በሚያርፍበት ሰነድ ላይ አለማጣመም፤ ሰው በማንነቱ ከሥራ ሲባረር በቃለ ጉባኤው ላይ የልዩነት ሐሳብ ማስመዝገብ፤ ይህን ለማድረግ ጵጵስና አያስፈልግም። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ብሂል በየስብሰባው ሲጠቀስ እሰማለሁ። ዝምታ የነቀዘባቸው ብዙ ቃለ ጉባኤዎች ግን በመሥሪያ ቤቶቻችን መዝገብ ቤት ተደርድረው አሉ።

በአጥቢያችን ለሰበካ ጉባኤው አንዲት ሐሳብ በጽሑፍ አቅርቤአለሁ። በሚመጣው ጾመ ነነዌ በ3ቱ ቀናት ምሕላ ላይ፣ በዓመቱ ውስጥ ሰላማዊ ሰዎች ያለቁባቸው ቦታዎች በስማቸው እንዲጠሩ፣ የሟቾቹ ሃይማኖትና ብሔር ሳይጠየቅ። ቦታው፣ ወሩ፣ ከዚያም እግዚኦታ። ደብዳቤውን የተቀበሉኝ አባት መነጽራቸውን አድርገው አንብበው ሲጨርሱ አልተቆጡም፤ አልተቃወሙምም። የቦታዎቹ ስም ዝርዝር ከአንድ ገጽ ይበልጣል ወይ ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ይበልጣል አልኋቸው።